ግማሽ ሰዓት የሚያስጠብቅ ሥዕል

በ2005 ዓ.ም. የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ለመጨረስ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ፣ ኢንተርኔት የማገኘው በሰፈራችን ኢንተርኔት ቤት በደቂቃ ሒሳብ እየከፈልኩ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ይቸኩላል፤ ኢ-ሜይሉን ከፍቶ፣ የሚፈልገውን ቀድቶ ይወጣል። በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ አንድ ጓደኛዬ «ይህን እይ» ብሎ የጠቆመኝ ነገር ግን ለቸኮለ ሰው የተሠራ አልነበረም። ጥቁርና ነጭ ሥዕል ነው። ራሳቸው ክብ፣ እጅና እግራቸው ጭረት የሆነ ወንድና ሴት ባሕር ዳር ተቀምጠዋል። ንግግር የለም። አርእስቱ «ጊዜ» ይላል። የማውዙን ቀስት ሥዕሉ ላይ ሳሳርፍ «ጠብቁት» የምትል ትእዛዝ ብቅ አለች። ጠበቅሁ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከፈልኩበት። ሥዕሉ በመጨረሻ ተለወጠ፤ ምኑ እንደተለወጠ ለማወቅ ግን ዐይኔን ማሸት ነበረብኝ። ተናድጄ ወጣሁ።

የሥዕሉ ባለቤት አሜሪካዊው ራንዳል መንሮ ነው። መንሮ ፊዚክስ የተማረ፣ ቀድሞ በአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት በናሳ የሠራ ሰው ሲሆን፣ «ኤክስኬሲዲ» የተባለውን የኢንተርኔት ኮሚክ የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በሳምንት ሦስት ቀን አዲስ ቀልድ ማውጣት ልማዱ ነበር። «ጊዜ»ም መጋቢት 25 ቀን 2013 ሲወጣ ተራ ቀልድ መስሎ ነው የወጣው። ልዩነቱ ሥዕሉ በየግማሽ ሰዓቱ በሌላ መተካቱ ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ ደግሞ በየሰዓቱ ሆነ። ሐምሌ 26 ሲያበቃ 123 ቀን አልፎ 3,099 ሥዕል ተቆጥሯል። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ያሳያል፤ ይህን ሁሉ ሥዕል ሲኒማ ቤት ቢያሳዩን ኖሮ ሁለት ደቂቃ ከዘጠኝ ሴኮንድ ገደማ ውስጥ ባለቀ ነበር። እንግዲህ የሥራው አዲስ ብልኀት ከአሣሣሉ ላይ አይደለም። መንሮ ሁልጊዜ የሚሥላቸውን ፊት የሌላቸውን የጭረት ሰዎች ነው የሣለው። አዲሱ ነገር ሰዓቱ ነው።

ይህ ምን ያህል ደፋር እንደሆነ ለመረዳት ኮሚክ የሚባለው ነገር በምን እንደሚቆም ማሰብ ይበቃል። ስካት መክላውድ የተባለው ሠዓሊና ሐያሲ በ1993 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በኮሚክ ውስጥ ጊዜ ማለት ቦታ እንደሆነ ያስረዳል፤ ከአንዱ ሣጥን ወደ ቀጣዩ የሚራመደው የአንባቢው ዐይን ነው፣ ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሰውም እሱ ነው። ይህን ለማየት አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ ሱቆች የተሰቀለውን የንግሥት ሳባን ታሪክ ሥዕል ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙውን ጊዜ በ44 ሣጥን የተከፈለ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ እንዲህ ያለ ሥዕል ፊት ስቆም ከዘንዶው ተነሥቼ ንግሥቲቱ ኢየሩሳሌም ሳትደርስ ወደ ዘንዶው እመለስ ነበር። የሚከለክለኝ አልነበረም። ሠዓሊው ታሪኩን ሰጥቶኛል፣ ጊዜውን ግን ለእኔ ትቶታል።

መክላውድ በ2000 ባወጣው ሌላ መጽሐፍ፣ ኮምፒውተር ለኮሚክ ጠርዝ የሌለው ገጽ ይሰጠዋል ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ የተሞከረው ነገር አብዛኛው ይህንን ስፋት የሚበዘብዝ ነው። ራሱ መንሮ በ2012 በትንሽ መስኮት ብቻ የሚታይ፣ በማውዝ እየጎተቱ የሚዞሩበት እጅግ ሰፊ ሥዕል አውጥቷል። ኮሪያዊው ሆራንግ በ2011 በሠራው የመንፈስ ታሪክ ደግሞ አንባቢው ገጹን ወደ ታች እያወረደ ሳለ ሥዕሉ በድንገት ራሱ ይንቀሳቀስና ያስደነግጣል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው (ሆራንግ በተለይ ማታ ብቻውን ለሚያነብ ሰው አይመከርም)። በሁለቱም ግን የአንባቢው እጅ ካልተነካ ነገሩ አይሄድም። መንሮ ያደረገው ሰዓቱን ከእጃችን መቀማት ነው። መቸኮል አይቻልም፣ ማቆምም አይቻልም። አንባቢ ሲተኛ ሥዕሉ ይሄዳል። በእኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋም ይሄዳል።

ብልኀት ብቻውን ቢሆን ኖሮ በሦስተኛው ቀን ይሰለች ነበር። ያዳነው ታሪኩ ነው። ሁለቱ ሰዎች የአሸዋ ቤት ይሠራሉ። ቤቱ ያድጋል፣ ግንብ ይጨመርበታል። ከዚያ ባሕሩ ከፍ እያለ መሆኑን ያስተውላሉ። በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ውሃው ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው የሚጨምረው ዐይን በማይለየው መጠን ነው፤ ተከታታዮቹም ከፍ ብሏል፣ አላለም እያሉ ይከራከሩ ነበር። ልብ ይባል፤ ክርክሩ በገጸ ባሕርያቱ ልብ ውስጥ ካለው ጥርጣሬ ጋር አንድ ነው። ሁለቱ ምክንያቱን ፍለጋ ጉዞ ይጀምራሉ። በመንገዳቸው አንድ ሌሊት ያድራሉ፤ የዚያ ሌሊት ከዋክብት አቀማመጥ የዛሬው ሰማይ ሳይሆን ከ11,000 ዓመት ገደማ በኋላ የሚሆነው ነው። ቦታው ደግሞ ሜዲትራንያን ነው። ባሕሩ ከውቅያኖስ ተቆርጦ ደርቆ ኖሯል፤ አሁን ውሃው ተመልሶ እየሞላው ነው። ከ5 ሚሊዮን ዓመት በፊት በእርግጥ የደረሰ ነገር ነው፤ መንሮ ወደፊት ወስዶ ደገመው። ቀስ ብሎ የሚመጣ ጥፋትን ለማሳየት ቀስ ብሎ ከሚመጣ ሥዕል የተሻለ መንገድ እኔ አላውቅም።

የማልቀበለው አንድ ነገር አለ። ተጓዦቹ በመንገዳቸው ቋንቋቸው የማይታወቅ ሕዝብ ያገኛሉ፤ መንሮ ንግግራቸውን በማይነበብ ፊደል ጽፎ እኛንም እንደ ተጓዦቹ ግራ ያጋባናል። እስከዚህ ድንቅ ነው። ከዚያ ግን ቋንቋቸውን በመጠኑ የምትናገር አንዲት ሴት ትመጣና ካርታ ዘርግታ የውሃውን ምሥጢር ታስረዳቸዋለች። ወራት ሙሉ በዐይናችን እንድንመረምር ያሠለጠነን ሠዓሊ፣ መጨረሻው ሲቃረብ አስተማሪ ጠራብን። የፊዚክስ ተማሪነቱ አሸነፈው መሰለኝ። ሁለቱ ወገኖቻቸውን ለማስጠንቀቅ የሚሮጡበት ክፍል ግን ይህን ያስረሳል፤ እነሱ እየሮጡ አንባቢው አንድ ሰዓት ቆሞ አንድ እርምጃ ብቻ ማየቱ የሚፈጥረው ጭንቀት በሌላ መንገድ አይገኝም።

ሥራው በ2014 ለንደን ላይ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ዓለም ትልቁን ሽልማት ሁጎን በሥዕላዊ ታሪክ ዘርፍ አግኝቷል። አንባቢዎች ሁሉንም ሥዕል ሰብስበው በተከታታይ ስላስቀመጡት ዛሬ ማንም ሊያየው ይችላል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ወር በአንድ ምሽት፣ እራት ሳይቀርብ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስሮጥሁት። የአሸዋው ቤት እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ተነሣ። ባሕሩ በግልጽ ሞላ፤ የሚያከራክር ነገር አልነበረም። ያየሁት ጥሩ የጀብዱ ፊልም ነው እንጂ መንሮ በ2013 የሠራው ነገር አይደለም። መጽሐፍ ከመደርደሪያ ሲወርድ ያው መጽሐፍ ነው፤ ይህ ግን የወጣበት ሰዓት ሲወሰድበት ሌላ ነገር ይሆናል።

ከዚያ ወደ መጀመሪያዎቹ ሥዕሎች ተመልሼ በኢንተርኔት ቤት ግማሽ ሰዓት ከፍዬ የጠበቅሁትን ያንን አንዱን ፈለግሁ። ሁለቱ ተቀምጠዋል፣ ባሕሩ አለ፣ ሰማዩ ባዶ ነው። ወደፊትና ወደኋላ እያልኩ ደጋግሜ አየሁ፤ የትኛው እንደነበረ መለየት አልቻልኩም።