የሁለት ዓመት ተስፋና የሰባ ዓመት ደብዳቤ፦ ኤርምያስ 29፥11 በደማምና በኮባር

እግዚአብሔር ለሕዝቡ ያለው አሳብ የሰላም እንጂ የክፋት እንዳልሆነ፣ ፍጻሜውም ተስፋ እንደሆነ የሚናገረው የኤርምያስ ቃል (29፥11) በስደት ያሉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች አዘውትረው ከሚጠቅሷቸው ጥቅሶች አንዱ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ግዛት፣ በደማምና በኮባር፣ ቤተ ክርስቲያን ስለሌለና ከእስልምና ውጭ ያለ አምልኮ በአደባባይ ስለማይፈቀድ፣ ጥቅሱ ከዐውደ ምሕረት ይልቅ በስልክ ይደርሳል፤ በአበባ ሥዕል ላይ ተጽፎ ከአገር ቤት ይላካል፣ በድምፅ መልእክት ይነበባል፣ ሌሊት ሥራ ካለቀ በኋላ ይደመጣል። ከምዕራፉ ተነጥሎ ስለሚጓዝም በሰው ቤት የምትሠራው ተቀባይ ለእርሷ ብቻ የተነገረ፣ በቶሎም የሚፈጸም የግል ቃል ኪዳን አድርጋ ትወስደዋለች። ጥቅሱ በተጻፈበት ቦታ ሲነበብ ግን ከዚህ ጋር በቀጥታ የሚጋጭ ነገር ይናገራል፤ መጀመሪያ የተላከው በቶሎ እንመለሳለን ብለው ለሚጠብቁ ሰዎች ሲሆን፣ ዓላማውም ይህን ጥበቃቸውን ማስቆም ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው በ597 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው። የባቢሎኑ ንጉሥ ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ይዞ ወጣቱን ንጉሥ ኢኮንያንን ከእናቱ፣ ከመኳንንቱና ከእጅ ጥበብ ባለሙያዎቹ ጋር ማርኮ ወሰደ፤ በዙፋኑም ሴዴቅያስን አስቀመጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሐናንያ የተባለ ነቢይ በቤተ መቅደስ ቆሞ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ኢኮንያንም ምርኮኞቹም የተዘረፈውም ንዋየ ቅድሳት እንደሚመለሱ ተናገረ። በምዕራፍ 28 የተመዘገበው ክርክር ሊጤን ይገባዋል፤ ኤርምያስ የሐናንያን ቃል መጀመሪያ የተቀበለው በአሜን ነውና። ቃሉ እውነት ቢሆን እርሱም ደስ ባለው ነበር። ሐናንያ ግን ለባቢሎን የመገዛት ምልክት ሆኖ በኤርምያስ አንገት ላይ የነበረውን የእንጨት ቀንበር ሰበረ፤ ኤርምያስም ዝም ብሎ ሄደ፣ በኋላም የእንጨቱ ቀንበር በብረት እንደሚተካ የሚገልጽ መልእክት ይዞ ተመለሰ።

ምዕራፍ 29 ይህ ክርክር በደብዳቤ ወደ ባቢሎን የተሻገረበት ነው። ደብዳቤውን የያዙት ኤልዓሣና ገማርያ የሴዴቅያስ መልእክተኞች ነበሩ፤ የነቢዩ ቃል በመንግሥት መልእክተኛ እጅ መጓዙም ልብ የሚባል ነው። ደብዳቤው ምርኮኞቹ ቤት እንዲሠሩና እንዲኖሩበት፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፣ ለማረካቸው ከተማም ሰላም እንዲጸልዩ ያዝዛል። በቁጥር 10 ላይ የመመለሻው ጊዜ ሰባ ዓመት መሆኑን ይናገራል፤ ቁጥር 11 የሚመጣው ከዚህ በኋላ፣ የሰባው ዓመት ምክንያት ሆኖ ነው። ሰባ ዓመት የአንድ ሰው ዕድሜ ስለሆነ፣ ደብዳቤው ሲነበብ ከሰሙት ጎልማሶች አብዛኞቹ አገራቸውን ሳያዩ እንደሚሞቱ ማንም ሳይነግራቸው ይገባቸዋል። ተስፋው የተሰጠው ለሕዝቡ ነው፤ የሚደርሱበትም ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

ሐናንያ በሁለት ዓመት ይመለሳል ያለው ንጉሥ የት እንደነበረ ዛሬ ይታወቃል። በባቢሎን ቁፋሮ ከተገኙትና ኤርነስት ቫይድነር በ1939 እ.ኤ.አ. ካሳተማቸው የሸክላ ጽላቶች መካከል፣ ለይሁዳ ንጉሥ ኢኮንያንና ለአምስት ወንዶች ልጆቹ ከቤተ መንግሥት የሚሰፈረውን ዘይት የሚመዘግቡ ይገኛሉ። ንጉሡ ልጆች እያፈራ፣ በቀለብ እየተዳደረ በምርኮ አገር ቆየ፤ ከእስር የተፈታውም መጽሐፈ ነገሥት እንደሚለው በተማረከ በ37ኛው ዓመት ነው።

በደማምና በኮባር ላሉ አንባቢዎች የሐናንያ ቁጥር እንግዳ አይደለም። የቤት ሠራተኞች የሥራ ውል፣ በተለምዶ “ኮንትራት” የሚባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈረመው ለሁለት ዓመት ነው፤ “ሁለት ዓመት ሠርቼ እገባለሁ” የሚለውም ከቤት ሲወጣ ለእናት የሚሰጥ ቃል ነው። ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ ዕዳው አልተከፈለም፣ የተጀመረው ቤት ጣሪያ አልለበሰም፣ የታናሽ እህት ትምህርትም ገና ነው፤ ስለዚህ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ይታደሳል፣ ወይም ከአሠሪ ቤት ወጥቶ ያለ ፈቃድ መሥራት ይመጣል። በዚህ መካከል ጥቅሱ ብቻውን ሲደርስ የኤርምያስን ቃል በሐናንያ ድምፅ ያሰማል። መመለስ ራሱም ሁልጊዜ የተስፋው ፍጻሜ እንዳልሆነ በኅዳር 2013 እ.ኤ.አ. በሳዑዲ ዓረቢያ ያለ ፈቃድ በሚሠሩ የውጭ አገር ሰዎች ላይ የተጀመረው አፈሳ አሳይቷል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ሲመለሱ ብዙዎቹ በማቆያ ቤት አልፈው፣ ያጠራቀሙትን ትተው፣ ባዶ እጃቸውን ነው የገቡት።

ይሁንና የጥቅሱን መቼት ማወቅ ማለት ደማምን ባቢሎን ማድረግ አይደለም፤ በዚህ ላይ ብዙ ሰባኪ ይቸኩላል። በ2014 እ.ኤ.አ. በሎሪ ፒርስና በኮርኔሊያ ቩንሽ የታተሙት፣ “አል ያሁዱ” ማለትም የይሁዳ ከተማ የሚባል መንደር የሚጠቀስባቸው ጽላቶች፣ የምርኮኞቹ ልጆች በባቢሎን ገጠር መሬት ይዘው ገብስና ተምር ሲያመርቱ፣ ግብር ሲከፍሉ፣ ሲበደሩና ሲያበድሩ ያሳያሉ። የኤርምያስ ትእዛዝ ሊፈጸም የሚችል ትእዛዝ ነበር። በከፋላ ሥርዓት፣ ማለትም የሠራተኛው መኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር በሚታሰርበት ሥርዓት፣ በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ግን ቤት አትሠራም፣ አትክልት አትተክልም፣ ትዳር አትመሠርትም፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የተደረገው የሥራ ሕግ ማሻሻያም የቤት ሠራተኞችን አላካተተም። ቤቱ የሚሠራው በሀዋላ በተላከ ገንዘብ በደሴ፣ በሐርቡ ወይም በከሚሴ ነው፤ የምትሠራውም ሴት አትኖርበትም። ምርኮኞቹ በተወሰዱበት አገር እንዲኖሩ ታዘዙ፤ እርሷ በምትሠራበት አገር ኑሮ አልተፈቀደላትም፣ ባስገነባችው ቤትም ገና አልገባችም። ጥቅሱን ከነዐውዱ የሚያስተምር ሰው ይህን ልዩነት መሸሸግ የለበትም።

ቃልን በተነገረበት ታሪክ የማንበብ ልማድ ከአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ስሕተት ነው። የጉባኤ ቤት መምህር በአንድምታ፣ ማለትም አንዱን ቃል በብዙ ፊት በሚፈታው ትርጓሜ፣ ምሥጢሩን ከመናገሩ በፊት “ታሪክ” ብሎ ማን፣ ለማን፣ መቼ እንደተናገረ ያስቀምጣል። ሮጀር ካውሊ በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ይህ ትርጓሜ ታሪካዊውን ንባብ ከሚያስቀድመው ከምሥራቅ ሶርያ ትምህርት ጋር ብዙ የሚጋራው እንዳለ አሳይቷል። የደማም ጠረፍም ለዚህ ትምህርት ባዕድ አይደለም። በሶርያ ጽሑፎች ቤት ቀጥራዬ በሚባለው በዚህ የባሕር ዳርቻ፣ ከደማም በስተሰሜን በታሩት ደሴት ባለችው ዳሪን፣ በ676 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ተሰብስቦ ነበር። ሲኖዶሱን የጠራው ፓትርያርክ ጊዮርጊስ የነነዌ ጳጳስ አድርጎ የሾመው ይስሐቅ የቤት ቀጥራዬ ተወላጅ ነው፤ በኢትዮጵያ መጻሕፍተ መነኮሳት ማር ይስሐቅ የሚባለውም እርሱ ነው። ፊልክስዩስ በሚል ስም የሚነበበው ሁለተኛው መጽሐፍም የዚያው አካባቢ ሰው የዳዲሾ ሥራ መሆኑ ታውቋል። በጎንደርና በጎጃም ገዳማት የሚተረጎሙት የእነዚህ መጻሕፍት ጸሐፊዎች ዛሬ ኢትዮጵያውያት በሰው ቤት ከሚያገለግሉበት ጠረፍ የወጡ መሆናቸውን የሚያነሣ ግን ብዙም አይገኝም።

የኢትዮጵያ ትውፊት ሰባውን ዓመት በራሱ መንገድ አስቦታል። ተረፈ ባሮክ ውስጥ ኤርምያስን ከጉድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በለስ ሊያመጣ ወጥቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ስድሳ ስድስት ዓመት ይተኛል፤ ሲነሣ በለሱ እንደተቀጠፈ ነው፣ ኢየሩሳሌም ግን ጠፍታበት መንገድ የሳተ መስሎት አንድ ሽማግሌ ይጠይቃል። ይህ ሰው ምርኮን ሳያይ የቀረው በጸጋ ነው፤ የኤርምያስ ደብዳቤ የተላከው ደግሞ እንቅልፉ ላልተሰጣቸው፣ ዓመቱን አንድ በአንድ ለቆጠሩት ነው።

እነርሱም ደብዳቤውን በደስታ አልተቀበሉትም። ከምርኮኞቹ መካከል ሸማያ የተባለው ወደ ኢየሩሳሌም ካህን ወደ ሶፎንያስ ጽፎ፣ ምርኮው ረጅም ነው፣ ቤት ሥሩ ብሎ የላከውን ሰው በእግር ግንድ ስለ ምን እንዳላሰረው ጠየቀ፤ ሶፎንያስም ክሱን ለራሱ ለኤርምያስ አነበበለት። ዛሬ ለማጽናኛ የሚላከው ጥቅስ ባቢሎን በደረሰ ጊዜ ከተቀባዮቹ በጽሑፍ የተመለሰለት፣ ምዕራፉም መዝግቦ ያቆየው መልስ ይህ ነው።