ክራርና መድረክ፤ ስለ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ጥበብ

የወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ስም በተነሣ ቍጥር የብዙ ሰው አሳብ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ክራራቸው ነው። ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ የሚጽፉ ሰዎች ከክራር ደርዳሪዎች ተራ ያገቧቸዋል፤ ስለ ቴአትር ታሪክ የሚጽፉት ደግሞ፥ የሴትን ቦታ ወንዶች ይጫወቱበት ከነበረው ዘመን በኋላ ወደ መድረክ ከወጡት ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ መሆናቸውን በአንድ መሥመር አውስተው ያልፋሉ። ሁለቱም የሚሉት እውነት ነው። ነገር ግን አንደኛው ወገን ሁለተኛው የጻፈውን ስለማይመለከት፥ አንድ ባለሙያ በሁለት መዝገብ እንደ ሁለት ሰው ተጽፈው ቀርተዋል። መዝገቦቹ አንድ ሊሆኑ የሚገባበት ምክንያት ግልጽ ነው። ወይዘሮ አስናቀች ሲዘፍኑ ተዋናይነታቸውን ከመጋረጃው ኋላ ትተው የሚመጡ አልነበሩም፤ ስለዚህ ዘፈናቸው በተውኔት ሚዛን ካልተመዘነ ትክክለኛ ክብደቱ አይታወቅም።

ይህን ለመረዳት በቅድሚያ የቆሙበትን መድረክ ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በብዙ የአውሮፓ ከተሞች ንግግር ያለው ተውኔት ለአንድ ቤት፥ በዘፈን የሚነገረው ለሌላ ቤት ተለይቶ የተሰጠ ነው። በኢትዮጵያ ግን ዘመናዊው መድረክ ከመነሻው ሁሉንም በአንድ ጣራ ሥር የያዘ ነበር። በ1927 ዓ.ም. በጠላት ወረራ ዋዜማ የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር የሕዝቡን ልብ ለማነሣሣት ንግግርንና ዘፈንን አስተባብሮ አቀረበ። ከነጻነት በኋላም ዘፈን፥ ጭፈራና ተውኔት በአንድ ዝግጅት ተከታትለው መታየታቸው ልማድ ሆነ። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የቴአትር ክፍልም በዚሁ መንገድ ሄደ። በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የተጫነበት 25ኛ ዓመት ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተከፈተ፤ ይኸው ቤት ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር የተባለው ነው። ወይዘሮ አስናቀች በማዘጋጃ ቤቱ መድረክ ጀምረው ወደዚህ ቤት ተሻገሩ። እንግዲህ ያደጉበት ሙያ ተዋናዩን ከዘፋኙ የማይለይ፥ ዛሬ ያለቀሰውን ሰው ነገ አዝማች አውጪ የሚያደርግ ሙያ ነበር።

ሁለተኛው ሊታወቅ የሚገባው ነገር የክራር ስም ነው። በገና ለጸሎትና ለተመስጦ የሚደረደር፥ በመኳንንትና በካህናት ቤት የተከበረ መሣሪያ ሲሆን፥ አምስት ወይም ስድስት አውታር ያለው ክራር ግን የፍቅርና የጨዋታ፥ ከዚያም አልፎ የሰይጣን መሣሪያ ይባል ነበር። ክራር የምትመታ ሴትም ስሟ ከጠጅ ቤት ጋር ተያይዞ ይነሣል። አዝማሪ የሚለው ቃል ራሱ ከሙያ ስምነት ይልቅ ወደ ስድብነት ያደላበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ ላይ ተዋናይነት ተጨመረ፤ በሰው ፊት ሌላ ሴት ሆኖ መታየት ለጨዋ ልጅ የማይገባ ድፍረት ተደርጎ ይቈጠር ነበር። ስለሆነም ወይዘሮ አስናቀች ሁለት ነቀፋዎችን በአንድ ጊዜ ተሸክመው ነው ወደ ብርሃኑ የወጡት።

ክራር የምትጫወት ሴት እርሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ የሜሪ አርምዴ ስም ከእርሳቸው ጋር አብሮ የሚነሣ ነው። ልዩነቱ ያለው በቦታው ነው። በጨዋታ ቤት አዝማሪው ከአድማጩ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ አድማጩ ግጥም ይሰጣል፥ አዝማሪው ይቀበላል፤ ምስጋናው፥ ተረቡና ሽልማቱ በአንድ ቅጽበት ይለዋወጣሉ። በቴአትር አዳራሽ ግን ተመልካቹ ቲኬት ገዝቶ በጨለማ የተቀመጠ፥ ዝም ብሎ የሚሰማ ነው፤ ግጥም የሚሰጥ የለም። ታዲያ ሰምና ወርቁን ማን ይቀበለው? ለዚህ ጥያቄ የወይዘሮ አስናቀች መልስ ተውኔት ነበር። ከፊታቸው የሌለውን ተናጋሪ በዐይናቸው፥ በአንገታቸውና በድምፃቸው አወጣጥ እዚያው መድረክ ላይ ፈጠሩት። ወቃሽና ተወቃሽ፥ ለማኝና እምቢ ባይ በአንድ ሰው ላይ ተፈራረቁ። በአዝማሪ ቤት በሁለት ሰው መካከል የነበረው ምልልስ በቴአትር ቤት በአንዲት ሴት ውስጥ ገባ፤ የሥራቸው ዋና ፍሬ ይህ ነው።

«እንደ ኢየሩሳሌም» የተባለው ዘፈናቸው ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ግጥሙ የሚወደደውን ሰው ከሩቅ አገር ተኪዶ ከሚሳለሙት ቅዱስ ስፍራ ጋር ያስተካክለዋል። ይህን አሳብ በበገና የሚዘምር ሰው ቢያነሣው ለነፍስ የተነገረ በሆነ ነበር፤ በክራር ሲነገር ግን የተሳላሚው ቋንቋ ለሥጋ ፍቅር ይውላል። እዚህ ላይ ድምፁ ወደ ድፍረት ቢያዘነብል ዘፈኑ ፌዝ ይሆናል፤ ወደ ለቅሶ ቢያዘነብል ደግሞ ዜማው ይከብዳል። እርሳቸው ግን ሁለቱንም ትተው፥ መንገድ ደክሟት ከደጁ የደረሰች፥ የምትናገረውን የምታምን ሴትን ጠባይ ይዘው ይጫወቱታል። አድማጩ ሊሥቅም ሊቈጣም ሲያስብ ያቺ ሴት እውነተኛ ሆና ስለምትቀርበው ዝም ይላል። ይህ የጕሮሮ ብልሃት ብቻ አይደለም፤ የተዋናይ ፍርድ ነው።

ዛሬ ሥራቸው የሚታወቀው ግን ከመድረክ ሳይሆን ከተቀዳ ድምፅ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ጋር የተቀዳው ሥራ ከአርባ ዓመት በላይ ቈይቶ በውጭ አገር እንደገና ታትሟል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፈረንሳይ ያዘጋጁት «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ኅትመትም 16ኛውን ቅጽ ለእርሳቸው ሰጥቷል። ሁለቱም ኅትመቶች ምስጋና ይገባቸዋል፤ ያለ እነርሱ ወጣቱ ትውልድ ድምፃቸውን በቀላሉ ባላገኘው ነበር። ቢሆንም ሰሚው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የክራር አውታር ተመትቶ ወዲያው ይሞታል፤ ከምቱ በኋላ የሚቀረው ዝምታ ለዘፋኟ ፊትና እጅ የተተወ ቦታ ነው። ኦርጋን ግን ድምፁን ስለሚያዘገይ ያንን ዝምታ ይሞላዋል። ስለዚህ ዜማው ሲደምቅ ተውኔቱ ይጠባል። የ«ኢትዮፒክስ» ቅጽ «ባለ ክራሯ እመቤት» የሚል ትርጕም ያለው ስም መያዙም መሣሪያውን አጕልቶ መድረኩን የሚያስረሳ ነው። ራሔል ሳሙኤል እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት «አስኒ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም በበኩሉ ድፍረታቸውን፥ ስሜታቸውንና ውበታቸውን ከርእሱ ጀምሮ ያስታውቃል። እነዚህ ሁሉ የሰውየዋ ጠባዮች ናቸው፤ የሙያዋ መለኪያ ግን ገና ይቀራል።

ቴአትር ቤቱ የአዝማሪውን ነጻነት አለዘበው፥ ግጥሙን በሰዓትና በመርሐ ግብር አሰረው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው በከፊል ትክክል ነው፤ በየሌሊቱ አዲስ ግጥም የሚወለድበት ልማድ በአዳራሽ ውስጥ ቀዝቅዟል። ነገር ግን መድረኩ የሰጠውም አለ። ጠጅ ቤት ለሴቲቱ ዘፋኝ የሰጣት የአሳላፊነትንና የአጫዋችነትን ቦታ ብቻ ሲሆን፥ ቴአትር ንግሥትም፥ እናትም፥ ከዳተኛም እንድትሆን ፈቀደላት። ከዚህ ሁሉ ጠባይ ጋር የኖረች ሴት ወደ ክራሯ ስትመለስ አንዲት ሴት ብቻ ሆና አትዘፍንም። በወይዘሮ አስናቀች ዘፈን የሚሰማው የጠባይ ብዛት ከዚህ የመጣ ነው።

ወይዘሮ አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ከእርሳቸው ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግን ለአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በየቀበሌውና በየአውራጃው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ያንኑ የዘፈን፥ የጭፈራና የተውኔት ቅልቅል ከዋናው ከተማ ወደ ሌላው አገር አዳረሱት። ስለዚህ ቀድሞ የከምባታና ሐዲያ አውራጃ መቀመጫ በነበረችው በሆሳዕና ወይም በዱራሜ ዘፈን የሚሰበስብ ተማሪ፥ ከሽማግሌ አፍ የወረደውንና በመድረክ የተሠራውን ለይቶ ሊያውቅ ይገባዋል። ቃሉንና ዜማውን ጽፎ ማን ፊት እንደተዘፈነ፥ ዘፋኟ በዚያች ሰዓት ማንን ሆና እንደቆመች ሳይጽፍ ቢመለስ፥ የሰበሰበው የዘፈኑን እኩሌታ ነው። ጽሑፈ ተውኔቱ በመዝገብ ቤት፥ ድምፁ በሸክላ ይቈያል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ግን በተመልካቾቹ ትዝታ ብቻ ስላለ፥ እነርሱ ሳያልፉ ሊጠየቁ ይገባል።