ለመሣሪያው ወይስ ለመርማሪው? ለሥነ ፈለክ የዶክትሬት ሥልጠና ስለሚመደበው ገንዘብ የቀረበ ሂስ

በጎጃም የሚገኘው ዋሸራ በቅኔ ትምህርት ስሙ የገነነ ደብር ነው። በጣና ዳር፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ የላይኛውን ከባቢ አየር የሚያጠናው የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራም ዋሸራ ተብሎ ይጠራል። ስሙ ሊታሰብበት የሚገባ ቁም ነገር ይዟል። የቅኔው ደብር ዝናውን ያገኘው በሕንጻው ማማር አይደለም፤ መምህሩ በወንበሩ ጸንቶ በመቀመጡ፣ የአካባቢው ሕዝብም ተማሪው ብዙ ዓመታት የሚፈጀውን ትምህርት እስኪፈጽም ድረስ ቁራሹን ስላልነፈገው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለሥነ ፈለክና ለሕዋ ፊዚክስ የዶክትሬት ሥልጠና የሚደረገውን የገንዘብ ድጋፍ በዚሁ መለኪያ መመርመር ነው።

የዘመናዊው ምርምር ታሪካችንም ከዚህ የራቀ አይደለም። ከ1949 እስከ 1951 ዓ.ም. ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር በተያያዘ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። ቦታው የተፈለገው የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአጠገቡ ስለሚያልፍ ነበር። መሥራቹ አባ ፒየር ጉዋን መሣሪያውን ተክለው አልሄዱም፤ በሥራው ላይ ለረጅም ዓመታት ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ። መግነጢስን ለመለካት የተጀመረው ተቋም ለሕንጻ ሥራ ጥንቃቄ የሚበጅ እውቀት ሊያፈራ የቻለው ሰው በቦታው ስለቆየ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተደረገው ጥረት የሚያስመሰግን ነው። በ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ተመሠረተ። በ2007 ዓ.ም. በእንጦጦ ተራራ፣ በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት ኦብዘርቫቶሪ ተመረቀ፤ ማዕከሉም በአስትሮኖሚና በአስትሮፊዚክስ እስከ ዶክትሬት ድረስ ማሠልጠን ያዘ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና ወደ ሕዋ መጠቀች። ለኦብዘርቫቶሪው የወጣው ከ3 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ በአንድ ባለሀብት ልገሳ ተሸፈነ፤ ለሳተላይቷ ከተነገረው 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥም 6 ሚሊዮን ያህሉን የሸፈነችው ቻይና ናት።

ሂሳችን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ልገሳ የሚገኘው ለሚታይና ለሚመረቅ ነገር ነው። የዶክትሬት ተማሪ የአራት ዓመት ቀለብ፣ የአማካሪው ጊዜ፣ የኮምፒዩተሩ ጥገና፣ የኢንተርኔቱ ክፍያ፣ የአንድ መለዋወጫ ዕቃ የውጭ ምንዛሪ ግን አይመረቁም። እነዚህ በካፒታል በጀት ሥር የማይገቡ፣ በመደበኛ በጀትም ሲታዩ ትንሽ መስለው በቀላሉ የሚቀነሱ ወጪዎች ናቸው። ሆኖም ቴሌስኮፕ ያለ መርማሪ የተከደነ መስተዋት ነው። በሌላ በኩል፣ መርማሪ ካለ የራስ ቴሌስኮፕ ባይኖር እንኳ ሥራ አይቆምም፤ እንደ ሀብል ያሉ ቴሌስኮፖችና እንደ ስሎን ያሉ ታላላቅ የሰማይ ቅኝቶች የሰበሰቡት መረጃ ለማንኛውም ተመራማሪ ያለ ክፍያ ክፍት ነውና።

መማሪያ መጽሐፍና ወንበር ለጎደለው ትምህርት ቤት የከዋክብት ምርምር ምን ይፈይዳል? የሚለው ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ክርክሩ ውድ መሣሪያን በተመለከተ ብዙ እውነት አለው። ሰውን በማሠልጠን ረገድ ግን ሚዛኑ ይለወጣል። ባሕር ዳር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው በ1955 ዓ.ም. ከተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩትና በ1965 ዓ.ም. ከተከፈተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው፤ አንዱ ሥሩ መምህራንን ማሠልጠን ነበር ማለት ነው። ዛሬም በዚያ በፊዚክስ ዶክትሬቱን የሚፈጽም ሰው ነገ የፊዚክስ መምህራንን የሚያስተምር ነው።

ከዚህም በላይ አንዳንዱን ልኬት ሌላ አገር ሊሠራልን አይችልም። ባሕር ዳር ከመግነጢሳዊው ወገብ ብዙም አትርቅም። በዚህ ቀጠና ቀን ቀን ከምድር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም በአዮኖስፌር ውስጥ የሚፈጠረው መዛባት የሬዲዮንና የጂ.ፒ.ኤስን ምልክት ያውካል። በአፍሪካ ምድር ላይ ይህን የሚከታተሉ መሣሪያዎች ጥቂቶች ናቸው። መሣሪያዎቹ ከቴሌስኮፕ ጋር ሲነጻጸሩ ዋጋቸው ዝቅተኛ ነው፤ የሚጠይቁት ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቃቸውንና መዝገባቸውን የሚያነብብ ሰው ነው።

ስለዚህ ለዕቅድ አውጪዎች ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ማንኛውም የምርምር መሣሪያ ሲገዛ ወይም በስጦታ ሲገኝ፣ በእርሱ የሚሠለጥኑት ተማሪዎች ቁጥርና የዓመታት ወጪያቸው በዚያው ሰነድ ይጻፍ፤ ይህ ያልተጻፈበት ስጦታ ዕዳ መሆኑ ይታወቅ። ሁለተኛ፣ የዶክትሬት ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ከማስተማር ሥራው የተነሣ መምህር ስለሆነ፣ የሚተካው ሰው ደመወዝ የሥልጠናው ወጪ አካል ሆኖ ይያዝ። ሦስተኛ፣ ውጤቱ የሚለካው በተመራቂው ቁጥር ብቻ ሳይሆን፣ ተመራቂው ከአምስት ዓመት በኋላ በሥራው ላይ ስለመኖሩና ሌላ ተማሪ ስለማፍራቱ በመጠየቅ ይሁን።

በእንጦጦ ዙሪያ የከተማው መብራትና የክረምቱ ደመና ስለሚያስቸግሩ፣ በላሊበላ አካባቢ ለሌላ ኦብዘርቫቶሪ የሚሆን ቦታ ሲጠና ቆይቷል። ጥናቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን አዲሱ ተራራ ላይ መንገድ ከመጠረጉ በፊት፣ በዚያ ሌሊቱን የሚያነጉት ሰዎች ከወዲሁ ቀለብ ሊቆረጥላቸው ይገባል። ወንበሩን የሚይዝ መምህር ከሌለ ደብሩ ስሙ ብቻ ይቀራልና።