ከተማው የሚያውቀው ምስጢር

የፍቅር ኮሜዲ ብዙ ጊዜ የሚቆመው አንዱ ፍቅረኛ የሌላውን ማንነት ባለማወቁ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣው «ሮማን ሆሊደይ» ልዕልቲቱ ማንነቷን ትደብቃለች፤ ጋዜጠኛው ሥራውን ይደብቃል፤ ጓደኛው ደግሞ በሲጋራ መለኮሻ ውስጥ በተሸሸገ ካሜራ ፎቶ ያነሳታል። ሮም ሰፊ ናት፤ ሁሉንም ትደብቃለች። ሆሳዕና ከተማ ላይ ይህ አይሆንም። ዝነኛው ልጅ ጥቁር መነጽር አድርጎ ኮፍያ ደፍቶ ከአውቶቡስ ቢወርድ እንኳ መናኸሪያው በር ላይ የቆመው ባለባጃጅ በአባቱ ስም ጠርቶ «እናትህ እንዴት ናት?» ይለዋል።

በዝነኞችና በመጽሔት ጋዜጠኝነት ላይ የሚሳለቅ ኮሜዲ ለዚህ ከተማ መድረክ ስጽፍ መጀመሪያ የገጠመኝ ይህ ነበር። ስለዚህ ምስጢሩን ከዝነኛው ወስጄ ለከተማው ሰጠሁት። በፕሪሚየር ሊጉ የሚጫወት ወጣት ለሀዲያ ዘመን መለወጫ ለያሆዴ በዓል እናቱ ቤት ይመጣል። ድብቅ እጮኛ አለችው የሚል ወሬ የሰማች የአዲስ አበባ መጽሔት ጋዜጠኛ ተከትላው ትደርሳለች። እጮኛው ዱራሜ ከተማ የምታስተምር ልጅ መሆኗን ከአቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ዘበኛ ጀምሮ እስከ ጉሊት ቸርቻሪዋ ድረስ የማያውቅ የለም። ነገር ግን ሽማግሌ የያዘው ጉዳይ ሳያልቅ ለእንግዳ አይወራም። ቆጮውም አታካናውም ይቀርብላታል፤ ወሬው ግን አይቀርብላትም።

የተውኔቱ ፍቅር የተጫዋቹ አይደለም፤ የጋዜጠኛዋና የአስተርጓሚዋ ነው። እናትየው የሚናገሩት ሀዲይሳ ብቻ ስለሆነ የተጫዋቹ ታናሽ ወንድም፣ ከዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀው፣ በመካከል ይቀመጣል። እሳቸው ረጅም ይናገራሉ፤ እሱ አጭርና ለመጽሔት የሚያምር አድርጎ ያቀርበዋል፤ እሷ ትጽፋለች። እዚህ ላይ ከአንድ ንግግር ሁለት ሳቅ ይወጣል። የመጀመሪያው እናትየው ሲናገሩ፣ ሁለተኛው እሱ ሲያስተረጉም። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ደግሞ የመድረኩ ሁሉ ሥራ ነው። ጋዜጠኛዋን የምትጫወተው ልጅ በእውነተኛ እስክሪብቶ በእውነት ትጽፋለች፤ ጽፋ ሳትጨርስ ማንም አይተነፍስም፤ ተመልካቹ ሲስቅም ቀና አትልም። ቀና ካለች ሁለተኛው ሳቅ ይሞታል።

ዱራሜ ላይ ሲታይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ተመልካቹ ከምባትሳ ተናጋሪ ስለሆነ ቤተሰቡ የዱራሜ ይሆናል፣ እጮኛዋ የሆሳዕና ልጅ ትሆናለች፣ እናትየው የሚሉትም ከሥሩ እንደገና ይጻፋል። ቀልዱን እንዳለ ማሻገር አይቻልም።

ስላቁ የሚያርፈው በጥያቄዎቹ ላይ ነው። የዝነኛ ቃለ መጠይቅ የሚያነብ ሁሉ ያውቃቸዋል፦ ልጅነትህን እንዴት ታስታውሰዋለህ? የፍቅር ሕይወትህስ? በመጨረሻ የምታመሰግነው ሰው ካለ? ጥያቄውን መጀመሪያ በቦታው አስጠይቀዋለሁ፤ ቀጥሎ በማይሆን ቦታ፣ እናትየው ስለ ሞተ ልጃቸው ሲያወሩ። በሦስተኛው አስተርጓሚው ራሱ ይጠይቃታል፤ እሷም መልስ ታጣለች።

ጋዜጠኛዋን ግን ሞኝ ማድረግ አልፈለግሁም። በ2006 ዓ.ም. ክረምት «ሎሚ»፣ «እንቁ»፣ «ፋክት»፣ «ጃኖ»ና «አዲስ ጉዳይ» መጽሔቶች በተከሰሱበት ወቅት አገር ጥለው የተሰደዱ ጋዜጠኞች ነበሩ። የእኔዋ ገጸ ባሕርይ ሙያውን የተማረችው ያንን ካየ አዘጋጅ ነው፤ ስለ ፍቅር ሕይወት የሚጠይቅ ሰው እንደማይከሰስ ታውቃለች። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቡና እየጠጣች ትናገረዋለች። ከዚያ በኋላ ተመልካቹ በጥያቄዎቿ ይስቃል፣ በእሷ ግን አይስቅም። ጸሐፌ ተውኔት መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ በ«ጠልፎ በኪሴ» ዘመናዊ ነን ባዮቹን ወጣቶች በራሳቸው ጠለፋ ሲያስቅባቸው፣ ሳቁን ወደ ትምክህት እንጂ ወደ ድኩማን አልላከም። ኮሜዲ ለሚጽፍ ሰው ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም።

ከደቡብ አፍሪካ ተመልሶ በመኪና ታጅቦ የሚያገባውን ሰውም እንድጨምር ሲመክሩኝ እምቢ ብያለሁ። በእኛ ከተሞች እውነተኛው ዝነኛ እሱ መሆኑ እውነት ነው። ግን ልጃቸው ወደዚያው ሲሄድ መንገድ ላይ የቀረባቸው እናቶች አዳራሹ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ በእነሱ ፊት በዚያ የሚያስቅ ነገር አልጽፍም።

መፍቻው ያለው በድምፅ መቅጃው ላይ ነው። ጋዜጠኛዋ አዲስ አበባ ተመልሳ ጽሑፏ ከታተመ በኋላ ቅጂውን ለሌላ የሀዲይሳ ተናጋሪ ታሰማለች። ለካ እናትየው ስለ ትልቁ ልጃቸው እምብዛም አልተናገሩም። ከጥያቄ ጥያቄ ታናሹን ሲጎተጉቱት ነበር፦ ይቺ ልጅ የማን ልጅ ናት? አገሯ የት ነው? ለምን አትጠይቃትም? በእኛ አካባቢ ከገዛ ጎሳ መጋባት ስለማይቻል ይህ ከፍቅር ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ ነው። ተመልካቹ ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ ሲስቅበት የቆየውን እሷ የምትሰማው አሁን ነው።

ተመልሳ ትመጣለች። ደብተር አልያዘችም። እናትየው ፊት ቆማ የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም፣ የተወለደችበትን መንደር ትናገራለች፤ መጋረጃው ይዘጋል። ተዋንያኑ እዚህ ላይ መተቃቀፍ ይጨመርልን ይሉኛል። አልጨምርም። ገና ሽማግሌ አልተላከም።