ነህምያ የዘጋው በርና የሰንበቴ ገበያ

ስለ ሰንበት ገበያ ሊሰብክ የተነሣ መምህር እጁ ቀድሞ የሚያርፈው በመጽሐፈ ነህምያ በ13ኛው ምዕራፍ፥ ከቁጥር 15 እስከ 22 ባለው ንባብ ላይ ነው። ንባቡም ለዚህ የተመቸ ይመስላል። ከምርኮ የተመለሱት የይሁዳ ሰዎች በሰንበት ወይን ሲረግጡ፥ ነዶ ሲያገቡ፥ ወይንና በለስ በአህያ ጭነው ወደ ኢየሩሳሌም ሲገቡ ነህምያ አየ፤ በከተማይቱ የተቀመጡ የጢሮስ ሰዎችም ዓሣና ልዩ ልዩ ሸቀጥ አምጥተው በዚያው ቀን ሲሸጡ አገኘ። በሩን አዘጋ፤ ጠባቂ አቆመ፤ ከቅጥሩ ውጭ ያደሩትንም ነጋዶች ዳግመኛ ቢያድሩ እንደሚይዛቸው ነግሮ አስፈራራ። ስብከቱ ከዚህ ተነሥቶ ሳይዘገይ ወደ ገበያተኛው ይወርዳል፤ እንቁላል ይዛ የወጣችው ድኃ ሴት ሰንበትን ሻረች ይባላል፤ እስላሙ ነጋዴ የጢሮስ ሰው ይሆናል፤ ነገሩም በዚህ ያልቃል። ይህ አተረጓጐም ግን አንድ ቁጥር ዘልሎ ያለፈ ነው።

የዘለለውን ከመናገር አስቀድሞ አገሩን ማየት ይገባል፤ ይህን ንባብ እንደ ከሚሴ ዙሪያ የሚፈትን አገር ጥቂት ነውና። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ቈላ ከወረደ በኋላ በሸዋ ሮቢት፥ በሰንበቴ፥ በአጣዬና በካራ ቆሬ አልፎ ከሚሴ ይደርሳል። ከሚሴ በአማራ ክልል ውስጥ ላለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በዞኑ ከ450,000 የሚበልጥ ሕዝብ ተቈጥሯል፤ ከዚያም እጅግ የሚበዛው እስላም ነው፤ ክርስቲያኑ ጥቂት ነው። በምዕራብ በኩል ካለው ደጋ ግን በገበያ ቀን ብዙ ክርስቲያን ይወርዳል። በጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ያለችው ሰንበቴ ገበያዋ የሚቆመው በዕለተ እሑድ ነው። አፋሩ ከበረሃ፥ አርጎባው ከተረተሩ፥ ኦሮሞው ከሜዳው፥ አማራው ከደጋው በዚያ ይገናኛሉ፤ አንዱ የሌላውን ካልገዛ አይኖርምና።

ሰንበቴ የሚለው ቃል በክርስቲያን ቤት ሌላ ነገር ይጠራል። ምእመናን በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦና ጠላ አዋጥተው ድኃውን ጨምረው በአንድነት የሚቀምሱበት ማኅበር ሰንበቴ ይባላል። በአንድ ቃል ሁለት ማዕድ ተጠራ፤ አንዱ በደጀ ሰላም፥ ሁለተኛው በገበያ ሜዳ። በዚያ አገር ያለ ክርስቲያን ከሁለቱ ወደ የትኛው ሰንበቴ እንደሚሄድ በየሳምንቱ ይመርጣል፤ ምርጫውም በቤቱ ባለው የእህል መጠን ይወሰናል። መምህሩ የሚቈጣው በዚህ ሰው ላይ ነው።

እንግዲህ የተዘለለው ቁጥር 17 ነው። ነህምያ ገበያውን ካየ በኋላ የተጣላው ከማን ጋራ ነው ቢሉ፥ ከይሁዳ መኳንንት ጋራ ነው። ክፉ ነገር የምታደርጉ፥ ሰንበትን የምታረክሱ እናንተ ናችሁ ብሎ የተከራከረው እነርሱን ነው። ሐተታ፤ ንባቡ መኳንንቱ ወይን ረገጡ፥ አህያ ጫኑ፥ ዓሣ ሸጡ አይልም። ታዲያ በደላቸው ምንድን ነው? ሦስቱን ነገር ለይቶ ማየት ያሻል። ነህምያ የሚሸጠውን ሕዝብ አስጠነቀቀ፤ ለነጋዶቹ በር ዘጋ፥ ኋላም አስፈራራ፤ ክርክሩን፥ የአባቶችን ኀጢአትና በከተማይቱ ላይ የመጣውን መከራ ያነሣበትን ብርቱ ቃል ግን ለመኳንንቱ ብቻ አኖረው። ቀን የሚቀጥሩ፥ በር የሚያስከፍቱና የሚያዘጉ እነርሱ ናቸውና። አንድም፥ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ተራራ ወጥቶ ኢየሩሳሌም የደረሰ ዓሣ የድኃ መብል አይደለም፤ ብር ያለው ካልገዛው የጢሮስ ሰው ለማን ብሎ ያመጣዋል? ሻጩ የሚታይ ነውና ይነቀፋል፤ ገዢው በአዳራሹ ተቀምጦ ብላቴናውን ይልካል።

ይህ ቁጥር ብቻውን የቆመ ቢሆን ኖሮ ከመጠን ያለፈ ትርጓሜ ተሠራበት ሊባል ይቻል ነበር። ነገር ግን መጽሐፉ በሙሉ ይመሰክርለታል። በ5ኛው ምዕራፍ ድኆች ይጮኻሉ፤ ስለ ራብና ስለ ንጉሥ ግብር እርሻቸውንና ቤታቸውን አስይዘዋል፥ ልጆቻቸውን ለባርነት ሰጥተዋል። በዚያም ነህምያ የተጣላው ከመኳንንቱና ከሹማምንቱ ጋራ ነው፤ አራጣውን እንዲተዉ፥ እርሻውን በዚያኑ ቀን እንዲመልሱ አስማላቸው። ራሱንና ወንድሞቹንም ከአበዳሪዎች ጋራ ቈጠረ እንጂ ንጹሕ ነኝ ብሎ አልተለየም። ከእርሱ በፊት የነበሩት ገዦች ከእንጀራና ከወይን ሌላ 40 ሰቅል ብር ይወስዱ ነበር፤ እርሱ ግን ከንጉሥ አርጤክስስ 20ኛ ዓመት እስከ 32ኛው ዓመት፥ 12 ዓመት ሙሉ፥ የገዥነት ቀለቡን አልበላም። በሩን የዘጋው ሰው አስቀድሞ ዕዳ ያስቀለለ፥ የገዛ ድርጎውንም የተወ ሰው ነው። ይህን ያላደረገ ሰው የበሩን ቁልፍ ብቻ ቢይዝ ከነህምያ ጋራ ምን አገናኘው?

ከዚህም የሚበልጥ ምስክር በ10ኛው ምዕራፍ በቁጥር 31 አለ፤ ይህም እንደ ቁጥር 17 ሁሉ በስብከት ተረስቷል። ሕዝቡ ቃል ኪዳን ሲገቡ የማሉት ስለ መሸጥ አይደለም፤ ስለ መግዛት ነው። የምድሪቱ አሕዛብ በሰንበት እህልና ሸቀጥ ቢያመጡ ላይገዟቸው ማሉ። በዚያው ቁጥር፥ ነጥብ እንኳ ሳይለያቸው፥ በ7ኛው ዓመት የምድሩን ፍሬና ዕዳን ሁሉ ሊተዉ ማሉ። የሰንበት ገበያና የዕዳ ነገር በአንድ መሐላ ታሰሩ። ስለ ምን ቢሉ፥ ባለዕዳ ሰንበት የለውምና። ለማዳበሪያ የተበደረውን በቀጠሮው ያልከፈለ ገበሬ፥ ለልጁ ደብተር የሚገዛበት ያጣ አባት፥ እሑድ ማለዳ ማሽላውን በጆንያ ቋጥሮ ሲወርድ ሰንበትን ንቆ አይደለም። ሰንበቱን አስቀድሞ የወሰደበት አለ።

የጢሮስን ሰው ነገር በተመለከተ፥ ነጋዶቹን ማስፈራራቱ ተጽፏልና አይካድም። ነገር ግን ነህምያ የጢሮስን ሰዎች ስለ ሰንበት አልተከራከራቸውም፥ ሕጋችሁን ሻራችሁም አላላቸውም፤ ሕጉ አልተሰጣቸውምና። የዘጋውም የገዛ ከተማውን በር እንጂ የጢሮስን በር አይደለም። የሰንበቴ ገበያ የደብር ቅጥር ግቢ አይደለም። በዚያ የሚነግደው እስላም የጸሎቱ ቀን ዓርብ ነው፤ እሑድን ያከብር ዘንድ ቃል አልገባም። ቃል የገባው በ40 ወይም በ80 ቀኑ የተጠመቀው ነው። እንግዲህ በዚህ ንባብ ጎረቤትን መውቀስ የነህምያን በር ገልብጦ መዝጋት ነው።

ሌሎች መምህራን በሩን በምሥጢር ይተረጕሙታል፤ በሩ ልብ ነው፥ የጢሮስ ሰዎች የዓለም አሳብ ናቸው፥ ሌዋውያን ጾምና ጸሎት ናቸው ይላሉ። መልካም ትርጓሜ ነው፤ ባሕታዊን ይጠቅማል። ነገር ግን ለባለጸጋ ሲነገር እጅግ ደስ የሚያሰኘው ስለ ምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል፤ ምንም ገንዘብ አያስወጣውምና።

ሦስተኛው ወገን ነገሩን በአንድ ቃል ያቀለዋል። ጌታ በማርቆስ ወንጌል በ2ኛው ምዕራፍ ሰንበት ስለ ሰው እንደ ተሠራች ተናግሯልና ገበያው ምን ኀጢአት አለበት ይላል። ይህም ሰንበትን በርካሽ መሸጥ ነው። ደቀ መዛሙርቱ እሸት የቀጠፉት ተርበው ነው፤ ጎተራው የሞላ ሰው በዚያ እርሻ ውስጥ አልነበረም። ደግሞም ሰንበት የተሠራችለት ሰው ማን ነው? በኦሪት ዘዳግም በ5ኛው ምዕራፍ ትእዛዙ ለባለቤቱ ተነግሮ ሎሌውን፥ ገረዱን፥ መጻተኛውን፥ በሬውንና አህያውን እንዲያሳርፍ ያዝዘዋል፤ ምክንያቱንም ሲሰጥ እርሱ ራሱ በግብፅ ባሪያ እንደ ነበረ ያሳስበዋል። በሐዋርያት ስም በሚጠራው ሲኖዶስም ባሮች 5 ቀን ሠርተው በቅዳሜና በእሑድ ለቤተ ክርስቲያን ነጻ እንዲሆኑ ተሠርቷል። የሥርዐቱ ቃል የተነገረው ለጌቶች ነው፤ ባሪያ ራሱን አያሳርፍምና።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት በሰንበት ነገር ብዙ ደክመዋል። አባ ኤዎስጣቴዎስ ስለ ቀዳሚት ሰንበት ተከራክሮ በስደት በአርማንያ ዐረፈ፤ ከ100 ዓመት ያህል በኋላ ንጉሡ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱ ሰንበታት እንዲከበሩ አጸና። ሁለት ቀን ማክበር ለመነኵሴ ደስታ ነው፤ 12፥ 21፥ 29 እያለ ወርኀዊውን በዓል ለሚጨምር ገበሬም ከሌላው የሥራ ቀን አብልጦ ማግኘት ያስፈልገዋል። ይህን ያስገኝለት ዘንድ የታዘዘው ማን እንደ ሆነ ክርክሩ ብዙ አላነሣም።

በአዋጅ የተገኘ መታዘዝም በዚሁ አገር ታይቷል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው የሃይማኖቱን ክርክር ከቈረጡ በኋላ የወሎ እስላም ይጠመቅ ዘንድ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፥ ኋላም ንጉሥ ሆኑ፤ ከሕዝቡ ግን ብዙው ሸሸ፥ ሸፈተ፥ የቀረውም በቀን ክርስቲያን በሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ ይባላል። የበሩን ጠባቂ ማቆም እንዲህ ያለ ፍሬ ሲያፈራ የታየ ነውና፥ ቁጥር 21ን ብቻ ይዞ መነሣት ለዚህ አገር አይበጅም።

የቅርቡም መከራ ይህን ያስተምራል። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ አጣዬና አካባቢዋ ተቃጠሉ፥ ከየወገኑም ሰው አለቀ፤ በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ከሚሴ ደረሰ። ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ የተፈራራ ጎረቤት መጀመሪያ ዐይን ለዐይን የሚተያየው በጨውና በማሽላ ዋጋ ላይ ነው። እሑድ ገበያውን ያልወረደ ክርስቲያን ስለ አምላኩ ብሎ ቢቀር እሰየው፤ ጎረቤቱን ጠልቶ ቀርቶ ምክንያቱን ሰንበት ቢለው ግን ሌላ ነገር ነው።

ደግሞ ሰኞ አለ። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ አፋሩ ግመሉንና ጨውን፥ ደገኛው እህሉን ይዞ ይመጣል። ነቢዩ አሞጽ በ8ኛው ምዕራፍ የገሠጻቸው ነጋዶች ሰንበትን አልሻሩም፤ ጠብቀውታል። ሲጠብቁት ግን እህሉን ለመሸጥ፥ መስፈሪያውን አሳንሰው ዋጋውን ከፍ ለማድረግ መቼ ያልፋል እያሉ ነው። እሑድ ከቅድስት ደጅ ቆሞ ቁናውን በልቡ የሚያጐድል ሰው በባቲ ይገኛል፤ በሰንበቴ የተገኘችው ባለ እንቁላል ግን እርሱ የሚቀጣትን ቀኖና ትቀበላለች።

የመኳንንት ስም በ1967 ዓ.ም. ከዘውዱ መንግሥት ጋራ ቀርቷል። ቀን የሚቀጥር ሥልጣን ግን አልቀረም፤ የብድሩን መክፈያ ቀን የሚወስን፥ ስብሰባውን በእሑድ ማለዳ የሚጠራ፥ ሠራተኛዋን ከቅዳሴ ሰዓት ወደ ገበያ የሚልክ ሁሉ በቁጥር 17 ተጠርቷል።

ካህናቱም በዚሁ ምዕራፍ አልቀሩም። በቁጥር 10 ሌዋውያን ድርሻቸውን አጥተው ወደየእርሻቸው ተበትነው ነበር፤ ነህምያ መልሶ አቆማቸው። በቁጥር 22ም በሩን እንዲጠብቁ ከማዘዙ በፊት ራሳቸውን እንዲያነጹ አዘዘ። ጧፍና ዕጣኑን በእሑድ ገበያ የሚያስገዛ ደብር ቢኖር የሚነጻበት ነገር አለው።

ስለዚህ አንዲት ሴት ወደ ነፍስ አባቷ መጥታ፥ አባ፥ ሰንበትን ሻርሁ፥ ገበያ ወረድሁ ብትል ቀኖናው ከመነገሩ በፊት የሚጠየቅ አለ። ልጄ ሆይ፥ ማን ላከሽ? ምን ይዘሽ ወረድሽ? ምን ገዝተሽ ተመለስሽ? 12 እንቁላል ሸጣ ጨው ገዝታ የተመለሰች እንደ ሆነ ሸክሙ ቀላል ነው። እመቤቷ የላከቻት እንደ ሆነ ቀኖናው የእመቤቷ ነው፤ ነፍስ አባቱም ወደዚያ ቤት ይሂድ። የዕዳ ቀጠሮ አስወጥቷት እንደ ሆነ ደግሞ አበዳሪው ማን እንደ ሆነ ይጠይቃት፤ ምናልባት በሰንበቴ ማኅበር ከፊት ተቀምጦ ጽዋ የሚያነሣው ሰው ይሆናል። ከእርሱ ጋራ መነጋገሪያው በማኅበሩ ፊት ሳይሆን ለብቻው ነው፤ የመክፈያው ቀን እስኪለወጥም ድረስ ሴቲቱን ስለ ገበያው ዳግመኛ መውቀስ አይገባም።