አራት ጠጠር የቀሩበት ገበታ

በቼስ ዓለም ከውድድሩ ጎን የሚኖር፣ ከተጫዋቾችም ብዙዎቹ በቅጡ የማያውቁት አንድ ሙያ አለ፤ እርሱም የፍጻሜ እንቆቅልሽ ማዘጋጀት ነው። የፍጻሜ እንቆቅልሽ ማለት ጥቂት ጠጠሮች በቀሩበት ገበታ ላይ ነጩ እንዲያሸንፍ ወይም አቻ እንዲወጣ የሚጠየቅበት፣ የሚያደርሰውም መንገድ አንድ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ አቋም ነው። የሙያው ትልቁ ጣጣ መቀነስ ነው፤ አንድ ጠጠር ተነሥቶ መልሱ ካልተበላሸ፣ ያ ጠጠር ሲጀመርም በገበታው ላይ መቆም አልነበረበትም።

በዚህ መለኪያ የሳቬድራ አቋም የሚባለውን የሚስተካከል ማግኘት ያስቸግራል። በገበታው ላይ ያሉት ሁለቱ ነገሥታት፣ መጨረሻው ረድፍ ሲደርስ ወደ ሌላ ጠጠር የሚለወጥ አንድ ነጭ ወታደር፣ በቀጥታ መስመር የሚሄድ አንድ ጥቁር ግንብ ብቻ ናቸው። መነሻው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1875 ለንደን ውስጥ ፌንተንና ፖተር ተጫውተው በአቻ የተለያዩበት ጨዋታ ነው። በ1895 በግላስጎው ጋዜጣ የቼስ ዓምድ ያዘጋጅ የነበረው ባርቢዬ ያንን ፍጻሜ አንሥቶ ለውጦ አሳተመው፤ በእርሱ ቅርጽ ወታደሩ ሲ7 ላይ (ፊደሉ የቁሙን መስመር፣ ቁጥሩ ረድፉን ያመለክታል) ቆሞ ተራው የጥቁሩ ነበር፣ የተጠየቀውም ጥቁሩ አቻ እንዲወጣ ነው።

ጥቁሩ ግንብ ዲ6 ላይ ወጥቶ ቢ6 ያለውን ነጭ ንጉሥ ያጠቃል። ንጉሡ ወደ ሲ5 ቢሸሽ ግንቡ ወደ ዲ1 ይወርድና ወታደሩ ንግሥት በሆነ ጊዜ ሲ1 ላይ ሆኖ ንጉሡን በማጥቃት ከኋላው ያለችውን ንግሥት ይወስዳታል፤ ወደ ኤ5 ቢሸሽ ደግሞ ግንቡ ሲ6 ላይ ገብቶ ወታደሩን ያስቆመዋል። ስለዚህ ንጉሡ የሲን መስመር እየጠበቀ በቢ መስመር ከአምስት ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ሦስት መውረድ ግድ ይሆንበታል፤ በየደረጃው ግንቡ እየተከተለ ያጠቃዋል፣ በመጨረሻም ንጉሡ ሲ2 ላይ ሲደርስ ግንቡ ወደ ዲ4 ይመለሳል። የባርቢዬ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ ወታደሩ ንግሥት ከሆነ ግንቡ ሲ4 ላይ ራሱን አሳልፎ ይሰጣል፣ ንግሥቲቱም ከበላችው ኤ1 ያለው ጥቁር ንጉሥ ሳይጠቃ መሄጃ ያጣል፤ ይህም በቼስ ሕግ አቻ ነው።

መልሱ በዓምዱ ከወጣ በኋላ በግላስጎው ይኖር የነበረው ስፔናዊው የካቶሊክ ቄስ ፈርናንዶ ሳቬድራ ወታደሩ ንግሥት ሳይሆን ግንብ ይሁን አለ። አዲሱ ግንብ ሲ4ን በቀጥታው መስመር ይጠብቀዋል፣ ነገር ግን እንደ ንግሥት በሰያፍ አያጠቃም፤ ጥቁሩ እንደ በፊቱ ራሱን ቢሰጥ ግንብ በግንብ ይበላል፣ ኤ2 ግን ለጥቁሩ ንጉሥ ክፍት ሆኖ ስለሚቀር አቻው ይፈርሳል። ነጩ በኤ8 የመጨረሻውን ጥቃት ስለሚዝት ጥቁሩ ያለው መከላከያ ግንቡን ኤ4 ላይ ማቆም ብቻ ነው፤ ያኔ ነጩ ንጉሥ ቢ3 ላይ ሲገባ በአንድ ጊዜ ግንቡን ያጠቃል፣ በሲ1 የሚመጣውንም ሞት ያዘጋጃል። ጥቁሩ ሁለቱን ባንድ እርምጃ ሊመልስ አይችልም።

ሳቬድራ በቼስ ታሪክ የሚታወሰው በዚህች አንድ እርምጃ ነው። ይሁንና ስሙን ብቻ ማንሣት ለባርቢዬ ፍትሕ አይሆንም፤ የተሻለው መልስ የተገኘው እርሱ አቻ ነው ብሎ አሳምሮ በሠራው ገበታ ውስጥ ነውና፣ ሙያውም ከደራሲው እኩል የተነገረውን መልስ እንደገና የሚመረምር አንባቢ ይሻል። በ1902 የዓለም ሻምፒዮኑ ኢማኑኤል ላስከር ወታደሩን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መልሶ ሲ6 ላይ አቆመው፤ በዚህም ተራው የነጩ ሆነ፣ ጥያቄውም ነጩ ተጫውቶ እንዲያሸንፍ ተቀየረ። መጻሕፍት ዛሬ በአብዛኛው የሚያትሙት ይህንኑ ቅርጽ ነው።