ጉድጓዱን የሚያውቀው ማን ነው?

እስቲ ከጭሮ እንነሳ፤ አሰበ ተፈሪ የምትሏትም ያው እሷው ናት። በምዕራብ ሐረርጌ ከከተማ ወጣ ስትሉ ማሽላ የሚቀመጠው በጎተራ ብቻ አይደለም። መሬት ይቆፈራል፣ እህሉ ይሞላበታል፣ አፉ ይደፈንና ለወራት ይቆያል። በአካባቢው ኦሮምኛ ጉድጓድ «ቦላ» ይባላል። ታዲያ የሚከፈትበት ቀን ሲደርስ፣ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ዘሎ አይገባም። አፉን ከፍቶ እስኪናፈስ ይጠብቃል፤ ልጆችንም ከአጠገቡ ያርቃል።

ለምን? እህል ከታጨደ በኋላም ይተነፍሳል። በዝግ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርስና በምትኩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተዋል። ይህ ጋዝ ከአየር 1.5 እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ከጉድጓዱ ወለል ላይ ይተኛል። ቀለምም ሽታም የለውም። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው፤ ወደ 10 በመቶ ሲወርድ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። ከዚያ የሚመጣው ደግሞ የባሰ ነው፦ አባት ይወድቃል፣ ልጅ ሊያወጣው ይገባል፣ ጎረቤት ይከተላል። የአሜሪካ የሙያ ደህንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው መመሪያ እንደገለጸው፣ በእንዲህ ዓይነት ዝግ ቦታዎች ከሚሞቱት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሌላውን ለማዳን የገቡ ናቸው።

የኢንዱስትሪ ሂደት ደህንነት ማጣቀሻ መጻሕፍት ይህን አደጋ «ዝግና ጠባብ ቦታ» በሚል ርዕስ ያነሡታል። የነዳጅ ቦቴ ሆድ፣ የፋብሪካ ታንከር፣ የእህል ሲሎ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሁሉም የቦላ ዘመዶች ናቸው። እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው፦ ነገ ለአገራችን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይዘጋጅ ቢባል፣ ይህን ምዕራፍ እንዲጽፍ የሚጠራው ማን ነው?

የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። የጸሐፊዎች ጥሪ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ዲግሪ፣ የታተመ ጥናትና የእንግሊዝኛ ችሎታ ነው። መስፈርቱ በራሱ ክፋት የለውም። ግን ሠላሳ ዓመት ጉድጓድ ሲከፍቱ የኖሩ አባት፣ የገለምሶ ቡና መቀሸሪያ ሠራተኛ፣ የሂርና ወፍጮ ቤት ጠጋኝ በመጀመሪያው መስመር ይወድቃሉ። እነሱ ያዩት አደጋም አብሯቸው ይወድቃል።

አንድ ምሳሌ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ታከለ ታደሰና መንገሻ አድማሱ፣ ስለ ሙያ ደህንነትና ጤና የማስተማሪያ ጽሑፍ አዘጋጅተዋል። ሥራው የተሠራው ከካርተር ማዕከል ጋር በነበረው የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ፕሮግራም ነው። መጽሐፍ በጠፋበት ጊዜ ለተማሪ እጅ የደረሰ ትልቅ ሥራ ነው፤ ምስጋና ይገባዋል። ግን የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ጸሐፊዎቹም ሁለቱም ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አሠሪው የሥራውን አደጋ ለሠራተኛው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። በየትኛው መጽሐፍ፣ በየትኛው ቋንቋ ነው የሚያሳውቀው?

«እንግዲያው ምሁሩ ይቅር፣ ልምድ ያለው ሰው ይበቃል» ማለቴ ነው? በፍጹም! እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 1974 በእንግሊዝ ፍሊክስቦሮ የሚገኝ የኬሚካል ፋብሪካ ፈንድቶ 28 ሠራተኞች ሞተዋል። ከተደረደሩት የማብላያ ጋኖች አንዱ ተሰንጥቆ ሲነሣ፣ ግራና ቀኙን ለማገናኘት ጊዜያዊ ቧንቧ ተገጥሞ ነበር። የቧንቧው ንድፍ የተሣለው በወርክሾፑ ወለል ላይ በጠመኔ ነው። በወቅቱ የዋናው መካኒካል መሐንዲስ ቦታ ክፍት ነበር። ሠራተኞቹ ብየዳ ያውቃሉ፤ ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ምን እንደሚያደርግ አስልቶ «አይሆንም» የሚል ሰው ግን አልነበረም።

ወደ ጉድጓዳችን እንመለስ። በዓለም ብዙ ቦታ ሰዎች ወደ ጉድጓድ የበራ ኩራዝ አውርደው ያያሉ፤ ከጠፋ አየር የለም ማለት ነው። ዘዴው እውነት አለው፣ ግን አስተማማኝ አይደለም፤ መርዛማ ጋዝ እያለም ኩራዙ ሊበራ ይችላል። ይህንኑ ዘዴ አንድ ሰው ወደ ባዶ የነዳጅ ቦቴ ቢወስደውስ? የቀረው የቤንዚን ትነት በእሳት ይያያዝና ይፈነዳል። ገበሬው ጉድጓዱን ያውቃል፣ ኬሚስቱ ትነቱን ያውቃል፤ አንዱ ብቻውን የጻፈው ምዕራፍ ሰው ሊገድል ይችላል።

የዘርፉን ትልቁን ማጣቀሻ እንኳ ተመልከቱ። የላፍቦሮው ፕሮፌሰር ፍራንክ ሊስ እ.ኤ.አ. በ1980 ሁለት ቅጽ ያለው መጽሐፍ አሳተሙ። ሐሳቡን የተሸከመው ቲዎሪ ብቻ አልነበረም፤ የደረሱ አደጋዎች ታሪክም ተሰብስቦበታል። ሊስ ካረፉ በኋላ በ2005 የወጣውን ሦስተኛ እትም የመሩት ሳም ማናን ናቸው፤ ያኔ ሥራው የብዙ ባለሙያዎችን እጅ ጠይቋል። እውቀቱ ለአንድ ሰው በዝቶ ነበር።

ስለዚህ አዘጋጆችን የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ የሚያሰላና አንድ የሚሠራ ሰው ይጠራ። መጻፍ ለማይችለው ቃሉን የሚቀዳለት ይመደብ፤ ስሙም ከምሁሩ ስም ጎን ይታተም። ሁለተኛ፣ የመግቢያው ጥያቄ «ስንት ጽሑፍ አሳትመሃል?» ብቻ ሳይሆን «ለጥቂት የተረፍከው መቼ ነው?» የሚልም ይሁን። ሦስተኛ፣ ረቂቁ ከመታተሙ በፊት በአማርኛም በኦሮምኛም ለሠራተኛ ተነብቦ ይፈተን። ያልገባው ዓረፍተ ነገር ይስተካከል።

ይህን ለመጀመር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ እዚያው ጭሮ ነው፤ ኬሚስቱና የቦላ ባለቤቶች የአንድ ገበያ ሰዎች ናቸው። እናንተም መጽሐፉ እስኪመጣ አትጠብቁ። ለቤተሰብ ጥየቃ ገጠር ስትወርዱ አያቶቻችሁን «ጉድጓዱ ሲከፈት ስንት ጊዜ ትጠብቃላችሁ? እንዴትስ ታውቃላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁና ጻፉት። ራሳችሁ ግን ወርዳችሁ አትሞክሩ። ሰው ወድቆ ብታዩም ተከትላችሁ አትግቡ፤ ጩኹ፣ ሰው ጥሩ፣ ከላይ ሆናችሁ በገመድ ለመሳብ ሞክሩ።